በፈተና አዳራሽ ውስጥ ዕውቀት ወዴት ይሄዳል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎችን የሜካኒክስ አጋማሽ ፈተና ስፈትን ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ዓይኔን ሳበችው። ፈተናው ከተጀመረ ሃያ ደቂቃ ያህል ሆኖታል። ሌሎቹ አቀርቅረው ይጽፋሉ፤ እርሷ ግን እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አጋድማ የመጀመሪያውን ገጽ ትክ ብላ ትመለከታለች። ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ። ጊዜው ሲያልቅ ያስረከበችኝ ወረቀት ከግማሽ በላይ ባዶ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ቢሮዬ መጣች። «ዶክተር፣ ሁሉንም አጥንቼው ነበር። ወረቀቱን ስገልጠው ግን ሁሉም ነገር ከጭንቅላቴ ጠፋ» አለችኝ። ጠመኔ ሰጥቼ ከፈተናው ሦስተኛውን ጥያቄ በሰሌዳው ላይ እንድትሠራው ጠየቅኋት። ጥያቄው በተዳፋት ላይ ስለ ተቀመጠና በፑሊ በኩል ከሌላ ክብደት ጋር በገመድ ስለ ተያያዘ ሳጥን የሚናገር ነው። ኃይሎቹን በሥዕል አሳየች፣ ሁለቱን እኩልታዎች ጻፈች፣ አክስለሬሽኑን አገኘች። ስምንት ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። መልሱም ትክክል ነበር።

እኔም ወዲያውኑ ፍርዴን ሰጠሁ። ይህች ልጅ ታውቃለች፤ ዕውቀቷን የሰረቃት ጭንቀት ነው አልኩ። ይህ ፍርድ ቢያንስ ግማሹ ስሕተት እንደ ነበረ የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝም ያ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ተማሪዎችና ብዙ መምህራን ዛሬም እንደዚያው የምንፈርድ ይመስለኛል።

በአገራችን ፈተና ብዙ ነገር የሚንጠለጠልበት ጉዳይ ነው። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪዎች ከየቤታቸው ርቀው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ እንዲወስዱት ሲደረግ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቅ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲሰማ የማይጨነቅ ተማሪ አይኖርም። ነገር ግን ውጤቱን ሁሉ በጭንቀት ማሳበብ ከሳይንስ መንገድ ያወጣናል። ጥያቄው ሊቀርብ የሚገባው እንዲህ ነው፦ ጭንቀት በፈተና ውጤት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ምን ያህል ነው? በየትኛው ጊዜና በየትኛው መንገድስ ያደርሰዋል?

ልብ ሲመታ

አደጋ የመጣ ሲመስለን አንጎላችን ከኩላሊቶቻችን በላይ ለተቀመጡት ሁለት ዕጢዎች መልእክት ይልካል። ዕጢዎቹ በመጀመሪያ አድሬናሊን፣ ከደቂቃዎች በኋላ ደግሞ ኮርቲሶል የተባሉትን ንጥረ ነገሮች ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፣ መዳፍ ያልባል፣ ሆድ ይረበሻል። ይህ ሁሉ ሰውነት ለመሮጥ ወይም ለመታገል የሚያደርገው ዝግጅት ነው። ችግሩ በፈተና አዳራሽ ውስጥ የሚሮጡበትም ሆነ የሚታገሉት ነገር አለመኖሩ ነው። ተማሪው በአንበሳ ፊት የቆመ ሰው ልብ ይዞ በወንበር ላይ መቀመጥ ግዴታው ነው።

ስለ መነቃቃትና ስለ መማር በተደረጉ ምርምሮች ዘወትር የሚጠቀሰው ሮበርት ይርክስና ጆን ዶድሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1908 ያወጡት ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ አይጦች ሁለት ሳጥኖችን በብርሃናቸው እንዲለዩ እያስተማሩ ለስሕተታቸው በኤሌክትሪክ ንዝረት ይቀጧቸው ነበር። ልዩነቱን መለየት ቀላል በሆነበት ጊዜ ጠንከር ያለ ንዝረት መማርን አፋጠነ፤ አስቸጋሪ በሆነበት ጊዜ ግን ከሁሉ የተሻለው መካከለኛው ንዝረት ሆነ። ከዚያ ወዲህ በየመጻሕፍቱ የምናየው የተገለበጠ ጀበና ቅርጽ ያለው ሥዕል፣ ማለትም መጠነኛ መነቃቃት ይጠቅማል፣ ከልክ ያለፈው ይጎዳል የሚለው ትምህርት፣ ከዚህ ጥናት የተወረሰ ነው። አይጥ ተማሪ አለመሆኗን ሳንዘነጋ አንድ ነገር መውሰድ እንችላለን፤ ከፈተና በፊት የሚመታ ልብ በራሱ የውድቀት ምልክት አይደለም።

በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ደግሞ የፈተና ጭንቀትን በሁለት ከፈሉት። አንደኛው የሰውነት መረበሽ ሲሆን ሁለተኛው የሐሳብ መረበሽ ነው። ላብ፣ የልብ ምትና የእጅ መንቀጥቀጥ በመጀመሪያው ይመደባሉ። «ብወድቅስ? ቤተሰቦቼ ምን ይሉኛል? ጓደኞቼ ሁሉ ሠርተው ጨርሰዋል» የሚሉት የማያቋርጡ ሐሳቦች ደግሞ በሁለተኛው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ እንዳሳዩት ከዝቅተኛ ውጤት ጋር አጥብቆ የሚዛመደው ሁለተኛው ነው። የሚንቀጠቀጥ እጅ ያለው ተማሪ ደህና ሊሠራ ይችላል፤ ከራሱ ጋር ሲከራከር የዋለ ተማሪ ግን ይቸገራል።

እኔ ራሴ ይህን ቀምሼዋለሁ። በውጭ አገር ለዶክትሬት ስማር ወደ ምርምር ለመግባት ማለፍ ግዴታ የሆነ የጽሑፍ ፈተና ነበር። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሦስት ጊዜ አንብቤ አንድም ቃል አልገባኝም። በአእምሮዬ ውስጥ የነበረው የጥያቄው ሐሳብ ሳይሆን፣ ብወድቅ ለእናቴ በስልክ የምነግራት ዓረፍተ ነገር ነበር።

ጠባቧ ጠረጴዛ

ይህ ለምን ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ1974 አለን ባደሌና ግራሃም ሂች የተባሉ እንግሊዛውያን የሥነ ልቡና ሊቃውንት «የሥራ ትውስታ» ስለሚባለው የአእምሮ ክፍል ሰፊ ሐሳብ አቀረቡ። የሥራ ትውስታን እንደ ትንሽ ጠረጴዛ እንቁጠረው። ለዘለቄታው የምናውቀው ሁሉ በሰፊ መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል፤ በአንድ ጊዜ የምናስብበትን ግን ከመጋዘኑ አውጥተን በጠረጴዛው ላይ መዘርጋት አለብን። ጠረጴዛው ደግሞ በጣም ጠባብ ነው። ኔልሰን ካወን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ባቀረበው ግምት መሠረት በአንድ ጊዜ የሚይዘው አራት ያህል ነገሮችን ብቻ ነው።

እንግዲህ በተዳፋቱ ላይ ያለውን ሳጥን የሚያስብ ተማሪ የሰበቃውን ኃይል፣ የገመዱን ውጥረት፣ የማዕዘኑን ሳይንና የሁለተኛውን አካል ክብደት በአንድነት መያዝ አለበት። ጠረጴዛው ሞልቷል። «ብወድቅስ?» የሚለው ሐሳብ መጥቶ ቦታ ሲሻማ ከአራቱ አንዱ መውደቁ ነው።

ሳያን ቤይሎክና ቶማስ ካር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ይህን በሒሳብ ጥያቄዎች ፈትነውት ነበር። ተሳታፊዎቹ በሽልማትና በሰው ዓይን ጫና ውስጥ ሲገቡ በአስቸጋሪዎቹ ጥያቄዎች ላይ ውጤታቸው የወረደው ጠረጴዛቸው ሰፊ የሆኑት፣ ማለትም ከፍተኛ የሥራ ትውስታ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ሌሎቹን የሚበልጡት በዚያ ስፋት ነበርና ስፋቱ በጭንቀት ሲያዝ ብልጫቸው ጠፋ።

ነገር ግን የዚሁ ቡድን የቀደመ ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው፣ አንድ ሌላ ነገር ይነግረናል። ተሳታፊዎቹ ጥያቄዎቹን ደጋግመው ከተለማመዷቸው በኋላ ጫናው ውጤታቸውን ማውረድ አልቻለም። የተለማመዱት ነገር ከመጋዘኑ ተሰናድቶ ይወጣል እንጂ በጠረጴዛው ላይ እንደ አዲስ አይሠራም፤ ስለዚህ ጭንቀቱ ጠረጴዛውን ቢሻማም የሚያፈርሰው ነገር አያገኝም።

ያልጠበቅነው ውጤት

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ከሁለት ቀን በኋላ ሌላ ጥያቄ ይዤ ጠበቅኋት። ፊዚክሱ ያው ነው፤ ሳጥኑ ግን በዚህ ጊዜ ወደ ታች ይንሸራተታል። የቢሮው በር ተዘግቷል፤ ሰዓት የሚቆጥር፣ ማርክ የሚይዝ የለም። ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች። ዝም ብላ ቆየችና «ያኛውን እኮ ከፈተናው በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ሠርተነው ነበር» አለች።

«እንዴት ነበር ያጠናሽው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ሃንድአውቱን አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ምሳሌዎቹንም በሙሉ አይቻቸዋለሁ።»

«መፍትሔውን ሸፍነሽ?»

መልስ አልሰጠችኝም።

የጭንቀት ነገር እንግዲህ እንደ መሰለኝ ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2022 ማሪያ ቴዎባልድና ሁለት የሥራ ባልደረቦቿ በጀርመን አገር ለማጠቃለያ የመንግሥት ፈተና በሚዘጋጁ 309 የሕክምና ተማሪዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት ሳነብ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ሆነልኝ። ተማሪዎቹ የሚዘጋጁት በኮምፒዩተር በሚቀርቡ የመለማመጃ ጥያቄዎች ስለ ነበረ ከፈተናው በፊት ምን ያህል እንደሚያውቁ መለካት ይቻል ነበር። ጭንቀታቸው የበዛ ተማሪዎች በፈተናው ዝቅ ያለ ውጤት አግኝተዋል፤ ይህ እንደ ወትሮው ነው። ነገር ግን ቀድሞ የነበራቸው ዕውቀት በስሌቱ ውስጥ ሲገባ ጭንቀት ከዚያ አልፎ የቀነሰባቸው ነጥብ አልተገኘም። ከፈተናው በፊት በተመሳሳይ ደረጃ ያውቁ የነበሩ ሁለት ተማሪዎች፣ አንዱ የሚጨነቅ ሌላው የማይጨነቅ ቢሆኑም፣ የሚያመጡት ውጤት ተቀራራቢ ነው። ጭንቀት ጉዳቱን አድርሶ የነበረው ከዚያ በፊት በዝግጅቱ ጊዜ ነው፤ የሚጨነቁት ተማሪዎች በዚያ ወቅት የጨበጡት ዕውቀት ያነሰ ነበር።

አንድ ጥናት የመጨረሻው ቃል አይደለም። የጀርመን ሕክምና ተማሪዎችም የኛን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሙሉ በሙሉ አይወክሉም። ሆኖም ጥናቱ የሚያመለክተውን አቅጣጫ በየቀኑ የምናየው ነው። የሚጨነቅ ተማሪ መጽሐፉን ሲገልጥ ጭንቀቱም አብሮ ይገለጣል። ስለዚህ የሚያውቀውን ምዕራፍ ደጋግሞ ያነባል፤ የሚያስፈራውን ለነገ ያቆየዋል። ራሱን ለመፈተን ይፈራል፤ አለማወቁን ማየት ያማልና። በማስታወሻው ላይ ቀለም እያሰመረ ሰዓታት ያሳልፋል፤ ገጹ ዓይኑን ስለ ለመደው ያወቀ ይመስለዋል። በመጨረሻም «የፈሩት ይደርሳል» እንዲሉ የፈራው ፈተና ሲደርስ ባዶ እጁን ያገኘዋል። ጠፋብኝ የሚለው ዕውቀት ከብዙ ጊዜ አንጻር ቀድሞ ያልተጨበጠ ዕውቀት ነው።

ይህ ለተማሪው ክስ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን እንደ ምሥራች እወስደዋለሁ። በአዳራሹ ውስጥ የሚመታን ልብ ማዘዝ አስቸጋሪ ነው። የጥናትን መንገድ መለወጥ ግን ይቻላል።

ማንበብ ወይስ ራስን መፈተን?

እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ሰጡ። አንደኛው ቡድን ጽሑፉን በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው ቡድን በአንድ ክፍለ ጊዜ አንብቦ በቀሩት ሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን በባዶ ወረቀት ላይ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ 83 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ ሌሎቹ 71 በመቶ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደጋግመው ያነበቡት ወደ 40 በመቶ ሲወርዱ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ ይዘው ተገኙ።

ይህ ውጤት በፈተና ዋዜማ ሌሊት ለሚያነብ ተማሪ ብዙ ይናገራል። ደጋግሞ ማንበብ ወዲያው የማወቅን ስሜት ይሰጣል፤ ስሜቱም ለጥቂት ጊዜ እውነት ነው። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ይመስላል።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ጥቅምም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኤሚ ስሚዝና የሥራ ባልደረቦቿ በአሜሪካ ታፍትስ ዩኒቨርሲቲ 120 ሰዎችን ቃላትና ሥዕሎች አስጠኗቸው። ግማሾቹ ደጋግመው በማየት፣ ግማሾቹ ራሳቸውን በመፈተን አጠኑ። በሁለተኛው ቀን የተወሰኑት በዳኞች ፊት ንግግር እንዲያደርጉና የሒሳብ ጥያቄ እንዲመልሱ ተደረገ፤ ይህም ሆን ተብሎ ለማስጨነቅ ነው። በማየት ብቻ ያጠኑት በጭንቀቱ ምክንያት የሚያስታውሱት ቀነሰ። ራሳቸውን እየፈተኑ ያጠኑት ግን ተጨንቀውም ቢሆን ያልተጨነቁትን ያህል አስታወሱ። ዕውቀትን ከመጋዘን ማውጣት የለመደ ሰው መንገዱን በጨለማም ያገኘዋል።

በተግባር ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አንድ ክፍል ካነበባችሁ በኋላ ደብተሩን ዘግታችሁ የምታስታውሱትን በባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ከዚያ ከፍታችሁ የጎደለውን ሙሉ። የተሠራ ምሳሌ ስታገኙ መፍትሔውን በወረቀት ሸፍናችሁ ራሳችሁ ሥሩት። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ያንኑ አድርጉ። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች ካሏችሁ አንዱን ለመጨረሻው ሳምንት አቆዩና ሰዓት ይዛችሁ፣ ስልክ ዘግታችሁ፣ በጠንካራ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ሥሩት። እነዚህ ነገሮች ያደክማሉ፤ ደስም አይሉም። ያ ድካም ግን መማር የሚሠራበት ቦታ ነው።

ስለ እንቅልፍም አንድ ቃል ልጨምር። በቡና ወይም በጫት ኃይል ነቅቶ ማደር በግቢዎቻችን የታወቀ ነው። ነገር ግን በቀን የተማርነው በመጋዘኑ ውስጥ የሚጸናው በአብዛኛው በምንተኛበት ሰዓት ነው። ያልተኛ ተማሪ ደግሞ በማግሥቱ ያችን ጠባብ ጠረጴዛ ይበልጥ አጥብቦ ይመጣል።

በአዳራሹ ውስጥ

የፈተና አወሳሰድ ዘዴዎች ዕውቀትን አይተኩም። ይህን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። ባለ አራት አማራጭ 60 ጥያቄዎችን ምንም ሳያነብ በዘፈቀደ የሚያጠቁር ተማሪ በአማካይ 15 ያገኛል። 30 እና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ ግን ከ30 ሺህ ተፈታኞች ለአንዱ እንኳ የማይደርስ ነው። ዘዴ ሊያደርግ የሚችለው ያወቅነው ዕውቀት በከንቱ እንዳይፈስ መጠበቅ ነው። ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

የመጀመሪያው ጊዜ ነው። 60 ጥያቄ በ120 ደቂቃ ቢሰጥ ለእያንዳንዱ 2 ደቂቃ ይደርሳል። በአምስተኛው ጥያቄ ላይ 12 ደቂቃ የቆየ ተማሪ የስድስት ጥያቄዎችን ጊዜ ለአንድ ከፈለ፤ ምናልባትም ስድስቱ በመጨረሻው ገጽ ላይ የተቀመጡ ቀላል ጥያቄዎች ነበሩ። ስለዚህ በሁለት ዙር መሥራት ይበጃል። በመጀመሪያው ዙር የምታውቋቸውን እየሠራችሁ እለፉ፤ ያስቸገሯችሁን ምልክት አድርጉባቸው። በሁለተኛው ዙር ተመለሱባቸው። ይህ ጊዜን ከመቆጠቡም በላይ የሐሳብ መረበሽን ይቀንሳል፤ ሃያ ጥያቄ መልሶ ወደ አስቸጋሪው የሚመለስ ሰው «ምንም አላውቅም» ለማለት አይመቸውም። አንድ አደጋ ግን አለ። ጥያቄ ስትዘሉ በመልስ ወረቀቱ ላይም ያንኑ ረድፍ መዝለላችሁን አረጋግጡ። የ18ኛውን መልስ በ17ኛው ረድፍ ያጠቆረ ተማሪ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ያበላሻል።

ሁለተኛው አማራጮችን ማስወገድ ነው። የፔንዱለም አንድ ሙሉ ውዝዋዜ የሚፈጀው ጊዜ ስንት ነው ተብላችሁ ቀመሩን ረሳችሁ እንበል። መልሱ በሰከንድ መሆን እንዳለበት ግን ታውቃላችሁ። ርዝመትን በሜትር፣ የመሬት ስበት አክስለሬሽንን በሜትር በሰከንድ ስኩዌር አስቀምጣችሁ አማራጮቹን መርምሩ። ርዝመት በአክስለሬሽን ተካፍሎ ስኩዌር ሩቱ ሲወሰድ ሰከንድ ይሰጣል፤ ስኩዌር ሩት የሌለው የሰከንድ ስኩዌር ይሰጣል፤ የተገለበጠው በሰከንድ የተካፈለ አንድ ይሰጣል። ቀመሩን ሳታስታውሱ አገኛችሁት ማለት ነው። ይህ ግምት አይደለም፤ ፊዚክስ ነው። ሁለት አማራጮች ብቻ ማስወገድ ብትችሉ እንኳ ዕድላችሁ ከአራት አንድ ወደ ሁለት አንድ ያድጋል። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ በማይቀነስበት ፈተና ባዶ ትቶ መውጣት ምንም ጥቅም የለውም፤ የሚቀነስበት መሆን አለመሆኑን ግን መመሪያውን በማንበብ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ሦስተኛው መልስ ስለ መቀየር ነው። «መጀመሪያ የመጣልህን አትቀይር» የሚለውን ምክር ሁላችንም ሰምተናል። ጀስቲን ክሩገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት የ1,561 ተማሪዎችን የፈተና ወረቀት መርምረው በላጲስ የጠፉትን መልሶች ቆጠሩ። ከተቀየሩት ውስጥ 51 በመቶው ከስሕተት ወደ ትክክል፣ 25 በመቶው ከትክክል ወደ ስሕተት የተቀየሩ ነበሩ። የቀሩት ከስሕተት ወደ ሌላ ስሕተት የሄዱ ናቸው። ምክሩ ታዲያ ለምን ይታመናል? ትክክለኛ መልስን ቀይሮ መሳሳት በጣም ስለሚቆጭ አይረሳም፤ ቀይሮ ያተረፈውን ግን ማንም አያስታውሰውም። ስለዚህ ምክንያት ካገኛችሁ ቀይሩ። በፍርሃት ብቻ ግን አትቀይሩ።

ስለ ጭንቀቱ ራሱስ?

ጭንቀትን ከፈተናው በፊት ለማስወገድ ብዙ ዘዴ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሄራርዶ ራሚሬዝና ሳያን ቤይሎክ ከፈተና በፊት ለአሥር ደቂቃ ጭንቀትን በወረቀት ላይ መጻፍ ውጤትን እንደሚያሻሽል «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ሲያሳትሙ ዜናው በዓለም ተሰማ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሌሎች ተመራማሪዎች በታላላቅ መጽሔቶች የወጡ 21 ጥናቶችን በብዙ ተሳታፊዎች ሲደግሙ ግን ከስምንቱ የመጀመሪያው ውጤት አልተገኘም፤ ይህም ጥናት ከስምንቱ አንዱ ነበር። መጻፉ ለሚያረጋጋው ሰው ጉዳት የለውም፤ ተስፋን ሁሉ በእርሱ ላይ መጣል ግን አይገባም። ወጣት አንባብያን ከዚህ ስለ ሳይንስም አንድ ነገር ይማራሉ፤ አንድ ውጤት የሚጸናው በሌላ ሰው እጅ ሲደገም ነው።

ልብን ጸጥ ለማሰኘት ከመታገል ይልቅ ትርጉሙን መለወጥ የተሻለ መስሎ ይታየኛል። ጄረሚ ጄሚሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ለሚዘጋጁ ተማሪዎች የሰውነት መነቃቃት ውጤትን እንደማይጎዳ፣ ሊያግዝም እንደሚችል ነገሯቸው። ይህን የሰሙት ካልሰሙት ይልቅ በሒሳቡ ክፍል የተሻለ አገኙ። ጥናቱ በጥቂት ተማሪዎች ላይ የተደረገ በመሆኑ ብዙ አልገነባበትም፤ ነገር ግን በሰውነት ውስጥ ከሚሆነው ነገር ጋር ይስማማል። ጭንቀቱ እንቅልፍና ምግብ የሚነሣ፣ ሳምንታትም የሚቆይ ከሆነ ግን በግቢው ወዳለው የምክር አገልግሎት ወይም ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ለእኛ ለመምህራንም የሚሆን ድርሻ አለ። በአንድ ሴሚስተር ሁለት ታላላቅ ፈተናዎች ብቻ ሰጥተን ተማሪው ለምን ተንቀጠቀጠ ብለን መደነቅ የለብንም። ከዚያች ተማሪ ወዲህ በየሳምንቱ የአሥር ደቂቃ አጭር ፈተና እሰጣለሁ፤ ለማርክ ሳይሆን ሊባል በሚችል ደረጃ ጥቂት ነጥብ ይዞ። መጀመሪያ ተማሪዎቹ አጉረመረሙ። አሁን አጭር ፈተና የሌለበት ሳምንት ሲያጋጥም የሚጠይቁኝ እነርሱ ናቸው።

ተማሪዬ በቀረው ሴሚስተር በየዓርቡ ቢሮዬ ትመጣ ነበር። ባዶ ወረቀት፣ ያላየቻቸው ሁለት ጥያቄዎችና ሠላሳ ደቂቃ እሰጣታለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓርቦች አንዱንም አልጨረሰችም። በአራተኛው አንዱን ጨረሰች። በማጠቃለያው ፈተና ያመጣችው «ቢ» ነበር። አንዲት ተማሪ ማስረጃ አትሆንም፤ ይህንንም የምናገረው ማስረጃ ይሆናል ብዬ አይደለም። ውጤቱን ልትሰማ በመጣች ጊዜ ግን ፈተናው ላይ ተረጋግታ እንደ ሆነ ጠይቄያት ነበር።

«አይ ዶክተር» አለች። «እጄማ እንደ ድሮው ይንቀጠቀጥ ነበር። ግን እየተንቀጠቀጠ ይጽፍ ነበር።»